የኔ ሰው ነው

መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መርካቶ

የጠዋቱ፦ ገዢ አራት። ዋጋ ጠይቆ የሄደ ብዙ። ከፀሐይ ሊጠለል ገብቶ የሚሸጥ ባልዲ ላይ የተቀመጠ አንድ። ሳፋ ይሄዳል፣ ባልዲ ቆሟል፣ ፔርሙስ ማንም አልነካውም።

ይድረስ በህንድ አገር፣ ባንጋሎር ለሚኖረው ለእህቴ ልጅ ለሱፍያን። አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ሸሪክና ክዳኑ ከማይገጥም ዕቃ ይጠብቅህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እናትህ ማሂራም ደኅና ናት፤ የአንተን ትልቅ ሥራ ለአብነት ሰፈር ሰው ሁሉ ነግራ ጨርሳ አሁን ሁለተኛ ዙር ጀምራለች።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የኩባንያው ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ መሆኑንም አይቻለሁ። ለምን ስልክ እንደማላነሳልህ ጠይቀሃል። እኔ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ፊት ለፊት ያለው ጀዋር ዕቃ መወልወሉን ያቆማል። የምሸጠውን ነው የሚሸጠው፤ የምሰማውን ደግሞ ሊሰማ አይገባውም። ስለዚህ በልማዴ ነው የምጽፍልህ። ሱቅ ከመዝጋቴ በፊት የቀኑን ነገር በደብተሬ እጽፋለሁ፤ ከላይ የጠዋቱን፣ ከታች የነገውን። ያንተንም መሀሉ ላይ አስገብቼ ገጹን ፎቶ አነሳና በቴሌግራም እልክልሃለሁ። የጠዋቱ ካላስፈለገህ ዝለለው።

አሁን ወደ ጉዳይህ። ሚስተር ፓሬክ የሚባል፣ ዕቃ በኢንተርኔት የሚሸጥ የህንድ ባለሀብት ዘንድ ተቀጥረሃል። ሰውየው መርካቶን ወደ ኢንተርኔት ማስገባት ይፈልጋል። ከኔ የምትፈልገው ስልሳ ነጋዴ ዘንድ ዞሬ ስለ እርሱ "የኔ ሰው ነው" እንድል ነው።

ልጄ፣ አንተ ከዚህ ስትሄድ ገና ተማሪ ነበርክ፤ ስለዚህ ላስረዳህ። አንድ ሰው ይዤ ጀዋር ፊት ቆሜ "የኔ ሰው ነው" ካልኩ፣ ያ ሰው ያለ ብርና ያለ ወረቀት የፈለገውን ጭኖ ይሄዳል። ካልተመለሰ ጀዋር እርሱን አይፈልግም፤ እኔን ነው የሚመጣብኝ። ዕዳውን ብከፍል እንኳ ከዚያ ወዲያ አፌ አይሠራም። አፌ ካልሠራ ይህ ሱቅ አይደለም፣ የፕላስቲክ መጋዘን ነው። ይህን ቃል በዕድሜዬ ያልኩላቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው። አንዱ ነፍሱን ይማረውና ባሌ ነበር፤ እርሱንም ብዙ ጊዜ አስቤበት ነው።

የሰውየውን ሀብት አትንገረኝ። እንዴት እንደጀመረና ከማን ጋር እንደተጣላ ጻፍልኝ።

ብር አለመጠየቅህንም ልብ ብያለሁ። ውጭ ያለ ዘመድ ብር ሳይጠይቅም ሳይልክም ሲጽፍ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ።

ነገ፦ ለፔርሙሱ ክዳን ፍለጋ አብነት መውረድ።

ሰዓደት

*

ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ባንጋሎር

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ሰዓደት። አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎና ገበያዎ እንደ ዘምዘም ውኃ የማይነጥፍ ይሁን። እኔ በአላህ ፈቃድና በእናቴ ዱዓ እጅግ ደኅና ነኝ። የምሠራው በኩባንያችን የአፍሪካ መስፋፋት ክፍል ነው። ምሳ በነጻ ነው፤ ከስድስት ዓይነት ምግብ ይመረጣል።

ስለ ሚስተር ጂቴንድራ ፓሬክ በደስታ እጽፋለሁ። የተወለዱት ጉጅራት ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። አባታቸው ጨርቅ በብስክሌት እየጫኑ በየመንደሩ የሚሸጡ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ዓይነ አፋር ስለነበሩ "ጨርቅ! ጨርቅ!" ብለው መጮህ አይችሉም። ስለዚህ ሕፃኑ ጂቴንድራ ከኋላ ጨርቁ ላይ ተቀምጦ ይጮህ ነበር። ዐሥረኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ወደቁ። ባንጋሎር መጥተው አንድ የኮምፒውተር መደብር ውስጥ ተላላኪ ሆኑ፤ እዚያ ካገኟቸው ሁለት የፕሮግራም ባለሙያዎች ጋር "ድዋር" የሚባለውን የኢንተርኔት ሱቅ ከፈቱ። ድዋር በር ማለት ነው።

የመጀመሪያው ትዕዛዝ አንድ የብረት ድስት ነበር። ያዘዙት እናት ሩቅ ገጠር ስለነበሩ ወስዶ የሚያደርስ ጠፋ። ሚስተር ፓሬክ ድስቱን ታቅፈው ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ሄደው ራሳቸው አደረሱ። የአውቶቡሱ ቲኬት ከድስቱ ዋጋ ይበልጥ ነበር። ይህ ታሪክ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይነገራል። ዛሬ የድዋር ዕቃ አድራሾች ሞተር በሰልፍ ቢቆም ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ተነሥቶ እርስዎ ሱቅ ደርሶ ይተርፋል። የውጭ ባለሀብቶች ገንዘብ አፍስሰዋል። በየዓመቱ ኪሳራ ቢኖርም ዕድገቱ እጥፍ ድርብ ነው። ገዢ ያልወደደውን ዕቃ ይመልሳል፤ ለሻጩም ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጠዋል።

ከማን ጋር ተጣላ ላሉኝ፣ ከማንም ጋር አልተጣሉም። በጣም ሰላማዊ ሰው ናቸው።

እባክዎ አክስቴ፣ መርካቶ ያለ እርስዎ ቃል በር አይከፍትልንም።

ታዛዥ የእህትዎ ልጅ ሱፍያን

*

ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መርካቶ

የጠዋቱ፦ ገዢ ስድስት። አንዱ ባለፈው ሳምንት የገዛውን ባልዲ ይዞ መጥቶ "ቀለሙን ሚስቴ አልወደደችውም" ያለ። ሚስቱን ይዞ እንዲመጣ ነገርኩት።

ይድረስ ለሱፍያን። አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ዕውቀትህን ወደ እጅህ ያውርድልህ።

የህንዱን ታሪክ አንብቤያለሁ። ድስት ታቅፎ መሄዱን ወድጄዋለሁ። የቲኬቱን ግን አልወደድኩትም። ደግሞ ዋናውን ነገር ሳትጽፍ ዘለልከው፤ ሴትየዋ ድስቱን ወደዱት ወይ? በየዩኒቨርሲቲው የሚነገር ታሪክ ከሆነ አንድ ተማሪ እንኳ ይህን አልጠየቀም?

በየዓመቱ ይከስራል፣ በየዓመቱ ያድጋል ብለሃል። እኔ የማውቀው እየጎዳ የሚያድግ እባጭን ብቻ ነው።

ስለ ኮከቡ አንድ ነገር ልበል። እዚህ የሚመዝነኝ ጀዋር አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይመዝነኛል። የተሸጠ ዕቃ ስለ መመለስ ደግሞ፣ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለው ጽሑፍ በሱቄ ግድግዳ ላይ ከኔ ስም በላይ ነው ያለው፤ በደማቁ።

ከማንም አልተጣሉም ያልከውን አላመንኩም። ከማንም ያልተጣላ ነጋዴ ወይ ገና ምንም አልሸጠም ወይ ሞቷል።

ስልሳ ነጋዴ የሚባለውን እርሳው። ነገር ግን ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልጠላም። እኔ ራሴ፣ ጀዋርና ገመድና መጥረጊያ የምትሸጠው ሠርኬ ሆነን ያንን የኢንተርኔት ገጽ እንሞክረዋለን። ይህ ሙከራ ነው። ስለ ማንም "የኔ ሰው ነው" አላልኩም፤ ጀዋርንም ሠርኬንም ይህንኑ አስጠንቅቄያቸዋለሁ።

ነገ፦ ለፎቶ የሚሆን ያልተጫጫረ ሳፋ መለየት።

ሰዓደት

*

ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ባንጋሎር

ይድረስ ለውድ አክስቴ። አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆሜ ነው ያነበብኩት። አላህ ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። ሚስተር ፓሬክም እጅ ነሥተዋል።

ፎቶው በቀን ብርሃን ይነሣ፤ ከኋላው ሰው አይታይ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ቁጥር ካልተሞላ ገጹ አያልፍም። ትዕዛዝ ሲመጣ ስልክዎ ላይ ይጮኻል።

ስልሳው ነጋዴ ከከበደ ዐሥር ይበቃናል። ለጊዜው ማለቴ ነው።

ሱፍያን

*

ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መርካቶ

የጠዋቱ፦ ገዢ ሁለት። ፒክአፕ አንድ። ተመልካች፣ የሱቆቹ መስመር በሙሉ።

ይድረስ ለሱፍያን። አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ለአንተም ለህንዱም ማስተዋል ይስጣችሁ።

የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። ሦስታችንም ዕቃችንን በቀን ብርሃን ፎቶ አነሣን። ከዚያ ዋጋው ላይ ደረስን። ጀዋር፣ እትዬ ሰዓደት ይጻፉ፣ እኔ አይቼ እጽፋለሁ አለ። እኔ፣ እርሱ ወንድ ነውና ይቅደም አልኩ። ሠርኬ እስክንስማማ ብላ ሻይ አዘዘች። ገባህ? ዋጋን በአደባባይ መጻፍ ለጎረቤት የጓዳ ቁልፍ መስጠት ነው። እኔ የጻፍኩትን ጀዋር አይቶ ሁለት ብር ይቀንሳል፤ እርሱ የቀነሰውን እኔ አይቼ ሦስት። ለአሥር ደቂቃ ቁጥሩን ብንተወው በዙሑር አዛን ሁለታችንም ሳፋ በነጻ እያደልን እንገኛለን።

በመጨረሻ ሠርኬ መላ አመጣች። ሁላችንም አንድ ብር እንጻፍ አለች። ገጹ የሚፈልገው ቁጥር ነው፤ እውነተኛ ቁጥር አላለም። አንድ ብር ማለት "ደውል፣ እንነጋገር" ማለት መሆኑን ማንም ያውቃል። ጻፍን፤ ገጹም አለፈ። ሦስታችንም ህንዱን ያታለልን መስሎን በደስታ ተለያየን።

ዛሬ ጠዋት ገርጂ የሰርግ ዕቃ የምታከራይ ሩሀማ የምትባል ሴት ፒክአፕ ይዛ መጣች። ሁለት መቶ ሳፋ አዝዣለሁ አለች፤ ሁለት መቶ ብርም ቆጥራ ይዛለች። ስልኬ ጮሆ እንደሆነ እኔ አልሰማሁም፤ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

"እዚህ ላይ አንድ ብር ይላል" አለችኝ ስልኳን አስጠግታ።

"ይላል" አልኳት።

"ታዲያ አይሸጡልኝም?"

"ግቢ ልጄ፣ መጀመሪያ ሻይ ጠጪ።"

ጀዋር በዚህ ጊዜ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ የሆነ ነገር ይፈልግ ነበር፤ እርሱም አንድ ብር ጽፏልና። ሴትየዋ አልጮኸችም፤ ይህ ነው ያስቸገረኝ። የሚጮህ ሰው ይደክመዋል። እርሷ ግን ሻይዋን እየጠጣች፣ "መርካቶ ውስጥ ከአፍ የወጣ ዋጋ አይመለስም ሲባል ነው የሰማሁት፤ የተጻፈውስ?" አለች። መስመሩ በሙሉ ቆሞ ይሰማል። እምቢ ብል አፌ ይበላሻል፤ እሺ ብል ሱቄ።

ስልኳን እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። ፎቶው ላይ ስንት ሳፋ እንደሚታያት ጠየቅኋት። አንድ አለች። አንድ ሳፋ አንሥቼ ሰጠኋትና አንድ ብር ተቀበልኩ። "ቃሌን ፈጽሜያለሁ፤ ብዛት አልጻፍኩም" አልኳት። ሳቀች። የቀረውን በደንቡ ተከራክረን ከምሳ በፊት ተስማማን፤ ፒክአፑም ሞልቶ ሄደ።

አሁን ገጹን ሳየው አንድ ኮከብ ሰጥታኛለች። ከሥሩ "ሻዩ ግን ጥሩ ነው" ብላ ጽፋለች።

ገጹን ዘግቻለሁ። ለህንዱ ንገረው።

ነገ፦ ለጀዋር ከጠረጴዛው ሥር ያገኘው ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ።

ሰዓደት

*

ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ባንጋሎር

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለእትዬ ሰዓደት። አሰላሙ ዓለይኩም። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራ በዝቶ ነው።

የአንድ ብሩን ታሪክ ለሚስተር ፓሬክ ተረጎምኩላቸው። አክስቴ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ስንት ሳፋ ይታይሻል" የሚለውን ደግሜ እንድነግራቸው ለመኑኝ። ማታ ሩዝ እየበላን እንኳ ብቻቸውን ይስቁ ነበር።

አሁን ስለ እቅዳችን። ስልሳ ነጋዴ ያልነው ቀርቷል። ዐሥሩም ቀርተዋል። እርስዎ ብቻዎን ከሆኑልን ይበቃናል። ከሱቅዎ በላይ ያለው ቆጥ ባዶ ነው ወይስ ዕቃ አለበት?

ደግሞ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኙ ትንሽ ሚጥሚጣ ቢልኩልን።

ሱፍያን

*

ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መርካቶ

የጠዋቱ፦ አልቆጠርኩም። ደብዳቤህን ሳነብ ነው ያረፈድኩት።

ሱፍያን፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ከየትኛው ቀን ወዲህ?

"ከዚያ ቀን ወዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም" ብለሃል። የምን ቀን እንደሆነ ግን አልነገርከኝም። ያለፉትን ደብዳቤዎችህን ከፍቼ አንድ በአንድ አየሁ። የመጀመሪያው ማኅተም ነበረው፤ የኋለኞቹ የላቸውም። ስልሳ ነጋዴ ዐሥር ሆነ፤ ዐሥሩ አንድ። በጥቅምት "ኩባንያችን" ትል ነበር፣ በጥር "እቅዳችን" ትላለህ። ከስድስት ዓይነት ምሳ የሚያማርጥ ሰው ሚጥሚጣ አይለምንም። አንድ ትልቅ ባለሀብት ከተላላኪው ጋር ማታ ሩዝ አይበላም። ደግሞም የሞተር ሰልፍ ያለው ሰውዬ የኔን ቆጥ ምን ያደርገዋል?

ልጄ፣ የተሰነጠቀ ሳፋ ስንጥቁን ወደ ግድግዳ አዙረህ እየሸጥክልኝ ነው። ይህን ሥራ ከአንተ በፊት ጀምሬዋለሁ።

እውነቱን ጻፍ። ለእናትህ አልነግራትም።

ነገ፦ መልስህን መጠበቅ።

ሰዓደት

*

ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ባንጋሎር

አክስቴ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ሐምሌ ላይ ነው። የውጭዎቹ ባለሀብቶች ስብሰባ ጠሩ። ኪሳራው በዛ፣ ሚስተር ፓሬክ ይውረዱ አሉ። እጅ ሲወጣ ሁለቱ የጥንት ባልደረቦቻቸውም እጃቸውን አወጡ። እንግዲህ ከማን ጋር ተጣላ ላሉኝ፣ መልሱ ይኸው። በማግስቱ ሚስተር ፓሬክ ቢሮ ሲመጡ ካርዳቸው በሩን አልከፍት አለ። በር የሚባል ኩባንያ ሠርተው በሩ እምቢ አላቸው። ዘበኛው እርሳቸው ራሳቸው የቀጠሩት ሰው ነው፤ እያለቀሰ ባጃጅ ጠራላቸው። እኔ የጠረጴዛቸውን ቬንትሌተር ይዤ ተከተልኳቸው። ለምን እንደተከተልኳቸው ዛሬም በደንብ አላውቅም። የኔ የሥራ ክፍል በዚያው ሳምንት ተዘጋ፤ ስለዚህ የምቀርበትም አልነበረኝም።

አሁን የምንሠራው እኔ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ቬንትሌተሩ አለ። ማኅተም ያለበት ወረቀት አንድ ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ለእርስዎ ጻፍኩበት። የሞከራችሁት ገጽ የድዋር አልነበረም፤ እኔና እርሳቸው የሠራነው ነው።

ልነግርዎ ፈልጌ ነበር። ግን እናቴ አስቀድማ ለአብነት ሰው ሁሉ ተናግራለች። እንዴት አድርጌ ልመልሰው? አገሬ መግባት እፈልጋለሁ፤ ባዶ እጄን ግን አልችልም። የእርስዎ ቃል ከሌለ ይህ ነገር እዚሁ ክፍል ውስጥ ያበቃል።

ሚስተር ፓሬክ ቲኬት ቆርጠዋል። የገዙት በራሳቸው ገንዘብ ነው፤ ለሁለት አልበቃንም። ከጥምቀት በኋላ ሱቅዎ ይመጣሉ። እባክዎ አክስቴ፣ ሻይ እንኳ ይስጧቸው።

ሱፍያን

*

ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መርካቶ

የጠዋቱ፦ ገዢ እስካሁን ከቆጠርኩት ሁሉ የበለጠ። ጠይቆ የሄደ የለም፤ ምክንያቱ ከታች አለ። ፔርሙስ ተሸጧል።

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሱፍያን። አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ የሚያሳፍርህን ከሚያስተምርህ አይለይብህ።

ህንድህ ትናንት መጣ። ወፍራም ነው፤ በሱቁ በር በጎን ነው የገባው። ጫማው የተጠገነ ነው፣ ጥገናው ግን ጥሩ ነው። ሻይ ሰጠሁት። ስለ ኩባንያም ስለ ቆጥም አንድ ቃል አልተነፈሰም። አንድ ሳፋ አነሣና በጥፍሩ መትቶ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ ሌላውን። ሦስተኛውን ወደ ጎን አደረገው። ያ ሳፋ ጠርዙ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አለበት፤ እኔም አውቃለሁ፣ ለብቻው ላስቀምጠው ነበር።

ጀዋር አስተርጓሚ ልሁን ብሎ ሱቁን ጥሎ መጣ። በልጅነቱ ከህንድ ፊልም የለቀመው ህንድኛ አለው። "እናቴ" ማለት ይችላል፣ "ደምህን እመልሳለሁ" ማለት ይችላል፣ "ዋጋ" ማለት አይችልም። ነገ ጠዋት ሱቁን አንተ ክፈት በልልኝ አልኩት። ጀዋር ምን ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም፤ ሰውየው ግን ትንሽ ደንግጦ እሺ አለ።

ዛሬ ጠዋት መጣ፤ ቁልፉን ሰጠሁት፤ እኔ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ገዢ ባዶ እጁን ከወጣ የቀኑ ገበያ አብሮት ይወጣል። አንተም ይህን ታውቃለህ። ለህንዱ አልነገርኩትም፤ ማየት የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

የመጀመሪያው ገዢ ከወራቤ የመጣ ባለሱቅ ሆነ፤ ዋጋ ሳይሰማ ፊቱ "ተወደደ" የሚል ዓይነት ሰው። ባልዲ ፈለገ። ሁለቱ አንድ ካልኩሌተር እየተቀባበሉ ጀመሩ፤ አንዱ ቁጥር ይጽፋል፣ ሌላው አጥፍቶ የራሱን። የወራቤው ሰው እኔ ከገዛሁበት በጣም የወረደ ቁጥር ጽፎ ካልኩሌተሩን አስቀመጠና ወደ በሩ ሄደ።

ህንዱ ባልዲውን ደፋና ላዩ ላይ ቆመ። ይህን እኛም እናደርገዋለን፤ ግን ቀጭን ሰው ፈልገን ነው። ጀዋር "እናቴ" አለ በህንድኛ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታው ገባ። ባልዲው ቻለው። የወራቤው ሰው ተመለሰ፣ ባልዲውን ገልብጦ አየ፣ ሌላ ቁጥር ጻፈ፤ ያም አልበቃም። አሁን የምሩን ወጥቶ ሄደ፣ ወደ ጀዋር ሱቅ። ጀዋር ደግሞ እኔ ሱቅ ቆሞ ያስተረጉማል።

በዚህ ጊዜ ህንዱ ደጃፉ ላይ ወጥቶ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። ምን እንዳለ አላወቅሁም። በሕፃን ድምፅ ነው የጮኸው፤ ያ ሁሉ ሰውነት ውስጥ ያ ድምፅ የት ተቀምጦ እንደኖረ እንጃ። ኩሊዎቹ ሸክማቸውን አወረዱ። ሠርኬ መጥረጊያ እንደያዘች ወጣች። የወራቤው ሰው እየሳቀ ዞረ፤ መስመሩም ምን መጣ ብሎ ተከትሎት መጣ። ህንዱ ባልዲዎቹን ከገዛሁበት ትንሽ ዝቅ አድርጎ ሸጠለት።

ልቆጣ ነበር። ግን ብሩን ተቀብሎ ቀኝ ዓይኑን፣ ግራ ዓይኑን፣ ከዚያ ግንባሩን አስነካና መሳቢያ ውስጥ አስገባው። "ቦኒ" አለኝ። እጁን ወደ በሩ ዘርግቶ፣ ከዚያ ወደ ፀሐይ አሳየኝ፤ የቀኑ የመጀመሪያ ሽያጭ ማለቱ ነው። እኔም በየጠዋቱ ቢስሚላህ ብዬ ግንባሬን ነው የማስነካው። ዓይን አልጨመርኩም ነበር።

ለሁለተኛው ገዢ ግን አንድ ሳንቲም አልቀነሰም። ለሦስተኛውም። ጩኸቱን ሊያይ የመጣ ሁሉ አንድ አንድ ነገር ይዞ ወጣ። ፔርሙሱን የገዛችው ሴት ክዳኑ ሌላ ቀለም መሆኑን አይታ ነው የገዛችው፤ ህንዱ ራሱ አሳይቷት።

ገበያው ረገብ ሲል ከጥቅምት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የቆየውን ጥያቄ ጠየቅሁት። ከመደርደሪያ ድስት አንሥቼ ታቀፍኩ፣ እንደ አውቶቡስ ተወዛወዝኩ፣ ለጀዋር ሰጠሁት፤ ከዚያ ትከሻዬን ሰብቄ ጠበቅሁ። ሴትየዋ ወደዱት ወይ?

ሰውየው ጀዋርን አየ፣ እኔን አየ። ድስቱን ከጀዋር ተቀበለ። ክዳኑን ሊገጥም ሞከረ፣ እንዳልገጠመ አድርጎ አሳየን። ከዚያ ድስቱን ታቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ አውቶቡስ እየተወዛወዘ ወደ በሩ ተመለሰ።

መልሰውበታል። ቀኑን ሙሉ ታቅፎ የሄደውን ድስት ቀኑን ሙሉ ታቅፎ ተመልሷል። ጀዋር ተቀምጦ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ህንዱም ሳቀ። ከዚያ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። በየዩኒቨርሲቲው ሲነገር ይህን ክፍል እንደሚተወው ገባኝ።

ሥራውን በተመለከተ፣ በካልኩሌተርና በሥዕል ተግባብተናል። ቤቱ ተቀምጦ ኮከብ የሚያድል ገዢ የለም። ከወራቤ፣ ከሆሳዕናና ከቡታጅራ ሌሊት ተነሥተው እዚህ ድረስ የሚንገላቱ ባለሱቆች ባሉበት ሆነው በስልክ፣ በድምፅ ያዛሉ፤ እኛም በድምፅ እንከራከራለን፤ ዕቃው ቆጡ ላይ ተሰብስቦ ባንድ መኪና ይሄዳል። ዋጋ አይጻፍም። ዋጋ የሚጻፍበትን ቦታ በሥዕሉ ላይ ሰርዞ፣ በላዩ አንድ ሳፋ ሣለበት።

ስለ አንተ ደግሞ። ጥቂት ዋሽተሃል፣ ብዙ ዝም ብለሃል፤ ስንጥቁን ወደ ግድግዳ አዙረሃል። እርሱ ግን ስንጥቁን ያሳየኝ ሰው ነው፤ ያውም በአንድ ሳፋ፣ በአንድ ድስትና በአንድ ፔርሙስ። ና፣ አገርህ ግባ፤ ባዶ እጅህን ና። መጀመሪያ ባልዲ ትደረድራለህ። እናትህን ሊመጣ ነው ስላት፣ ለምን ብላ ጠየቀችኝ። ህንዱን መርካቶ ሊያስተምረው ነው አልኳት። አብነት እስከ አሁን ሰምቷል።

ነገ፦ ቆጡን ማስጠረግ። ከዚያ ጀዋር ዘንድ ተሻግሮ፣ ስለ ህንዱ "የኔ ሰው ነው" ማለት። የሱፍያን ይቆይ።

ሰዓደት